ከጂኔቭራ ጀርባ ያለው ጥድ፦ በሬኔሳንስ የመልክ ሥዕሎች ውስጥ የተሰወሩ ስሞች

ቀለም ወዳድ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ስለ ሬኔሳንስ (የአውሮፓ የጥበብ ትንሣኤ) ዘመን የመልክ ሥዕሎች በአማርኛ የሚቀርቡ ቪዲዮዎችና ጽሑፎች እየበዙ መምጣታቸው ያስደስተኛል። የሚያሳዝነኝ አብዛኞቹ በአንድ ዜማ መቃኘታቸው ነው፦ ሠዓሊው ምስጢር ቀበረ፣ ኃያላኑን ፈርቶ ደበቀ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ እኛ ፈታነው። ይህ አተራረክ ሥዕሎቹን ይበድላቸዋል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ በአንድ ሥዕል ላስረዳና የእናንተን ሐሳብ ልስማ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሥዕሉ የጂኔቭራ ዴ ቤንቺ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ገና ወጣት ሳለ፣ ከ1474 እስከ 1478 ባሉት ዓመታት ውስጥ ፍሎረንስ ላይ ሣለው። ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ተቀምጧል፤ ሙዚየሙ በ1967 ከሊክተንስታይን ልዑላን ስብስብ ነው የገዛው። የባንክ ባለቤት ልጅ የነበረችው ጂኔቭራ ፊቷ ገርጥቶ፣ ፈገግታ ሳይታይባት፣ ወደ ተመልካቹ ዞራ ትታያለች። ከራሷ ጀርባ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅጠሉ የሾለ ቁጥቋጦ ፊቷን እንደ አክሊል ከቦታል። ቁጥቋጦው ጥድ ነው። ጥድ በጣልያንኛ «ጂኔፕሮ» ይባላል። ፊት ለፊት በሚታየው ገጽ ላይ ስሟ አልተጻፈም፤ ስሟን የሚጠራው ተክሉ ነው።

የእንጨት ሰሌዳው ሲዞር ደግሞ ሌላ ሥዕል አለ። ቀይ እብነ በረድ እንዲመስል በተቀባ መደብ ላይ የሎሬልና የዘንባባ ዝንጣፊዎች ጎንበስ ብለው አንዲት የጥድ ቀንበጥ አቅፈዋል። በመካከላቸው በሚጠማዘዘው ጥብጣብ ላይ በላቲን «ውበት ምግባርን ያስጌጣል» የሚል ቃል ይነበባል። ለዓይን በማይታይ ጨረር (በኢንፍራሬድ) ሲመረመር ከዚህ ጽሑፍ ሥር ሌላ ጽሑፍ ተገኘ፦ «ምግባርና ክብር»። ይህ የቤርናርዶ ቤምቦ መሪ ቃል ነው። ሎሬልና ዘንባባውም የእሱ መለያ ነበሩ። ቤምቦ በ1475 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፍሎረንስ የመጣ የቬኒስ አምባሳደር ነው። እሱ ባለትዳር፣ ጂኔቭራም በ1474 በ16 ዓመቷ ሉዊጂ ኒኮሊኒን ያገባች ነበረች። ይህም ሆኖ ቤምቦ ለእሷ የነበረውን ፍቅር፣ ሥጋዊ ያልሆነና ለነፍስ የሚበጅ ፍቅር ነው እያሉ የከተማዋ ባለቅኔዎች በላቲን ገጥመውለታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የተገጠመለት ፍቅር ነው፤ በአደባባይ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ፍሎረንስ ውስጥ በዚህ ክበብ የነበረ ሰው ጥዱን አይቶ «ይህች ማን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ምልክቶቹ የተሣሉት እንዲናገሩ ነው። ማንነትን የሰወረው የሠዓሊው ፍርሃት ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው፤ ሥዕሉ ከቤቱ ወጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፣ በመጨረሻም ተቆረጠ። የሰሌዳው የታችኛው ክፍል ዛሬ የለም፤ የጀርባው ዝንጣፊዎች ከግርጌያቸው ተቋርጠው መቅረታቸው ለዚህ ምስክር ነው። እጆቿም ከዚያው ቁራጭ ጋር እንደጠፉ ይታመናል።

በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ክርክራችሁን፣ የምትስማሙም ሌላ ምሳሌ ካላችሁ አምጡልኝ።

ደን ወዳጅ

ስለ ሥዕል ብዙ አላውቅም፤ ስለ ተክሉ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በሥዕሉ ላይ ያለው የአውሮፓው ጥድ ከእኛው የሐበሻ ጥድ ጋር የአንድ ወገን ነው፤ ዝርያቸው ግን ይለያያል። የእኛው በደጋው ትልቅ ዛፍ ሆኖ ይቆማል፣ ሲያድግም ቅጠሉ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ይለሰልሳል። የእነሱ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉም ዕድሜውን ሙሉ እንደ መርፌ የሾለ ነው። ስለዚህ በሊዮናርዶ ሥዕል ላይ የምናየው ሹል ቅጠል ከተፈጥሮ በትክክል የተቀዳ ነው። ክረምት ከበጋ የማይረግፍና ሲነኩት የሚወጋ ተክል ለአንዲት ወጣት ሴት ንጽሕና ምልክት ቢሆን አያስገርምም።

ቀለም ወዳድ

እጅግ አመሰግናለሁ። እንዳሉት ጥድ በዚያ ዘመን የንጽሕና ምልክትም ነበር። ስለዚህ አንዱ ቁጥቋጦ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ስሟን ይጠራል፣ ጠባይዋንም ያመሰግናል።

ጂኔቭራ ራሷም ባለቅኔ ነበረች። ከግጥሞቿ የተረፈልን አንድ ስንኝ ብቻ ነው፤ ምሕረት እንደምትለምንና የተራራ ነብር እንደሆነች ትናገርበታለች። ወንዶቹ ጥድ አሉ፣ ዘንባባ አሉ፣ ምግባር አሉ፤ እሷ ስለ ራሷ የተናገረችው ቃል ግን ነብር ነው። ፊቷን ባየሁ ቁጥር ከምልክቶቹ ሁሉ ይልቅ ይህ ስንኝ ይቀድመኛል።

የቅኔ ቤት ተማሪ

የሰምና ወርቅ ልጆች ለሆንን ለእኛ የጂኔቭራ ጥድ እንግዳ አይደለም። ለዚህ ጉዳይ ከጂኔቭራ የበለጠ የሚጥመኝ ግን የሎሬንዞ ሎቶ ሥዕል ነው። ሎቶ የቬኒስ ተወላጅ ሲሆን ከ1513 እስከ 1525 በቤርጋሞ ከተማ ኖሮ የከተማዋን ባለጸጎች ሣለ። ከሣላቸው አንዷ ሉቺና ብሬምባቲ ናት፤ ሥዕሏ ዛሬም እዚያው ቤርጋሞ በአካዴሚያ ካራራ ይገኛል። ሴትዮዋ ሙሉ ሰውነት ያላት፣ በዕንቁና በወርቅ ያጌጠች፣ ተመልካቹን በእርጋታ የምትመለከት እመቤት ናት። ከኋላዋ ጨለማ ሰማይ፣ በሰማዩ ላይ ጨረቃ፣ በጨረቃዋም ውስጥ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ ተጣምረው «ቺ» ተብለው ይነበባሉ።

አሁን በፊደላችን እንሥራው። ጨረቃ በጣልያንኛ «ሉና» ናት። «ሉ» እና «ና»። መካከላቸው «ቺ»ን አስገቡ፤ ሉቺና። በላቲን ፊደል አራት ሆሄ ተቆጥሮ የሚሠራው ጨዋታ በፊደላችን በሁለት ሆሄ መካከል አንዱን አስገብቶ ያልቃል። ይህን ለተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የሚያበራው ፊታቸው አይረሳኝም። የቤተሰቡ ስምም አልቀረም፤ በጣቷ ባለው ቀለበት ላይ የብሬምባቲ ቤተሰብ አርማ ተሥሏል። ስለዚህ ስሟ ከነቤተሰቧ ተሟልቶ ሥዕሉ ላይ አለ፤ ሆኖም አንዲት ቃል አልተጻፈችም።

ሎቶ እንዲህ ያለውን ነገር አብዝቶ ይወዳል። በ1523 የሣለው የማርሲሊዮ ካሶቲና የሙሽራይቱ ሥዕል ማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም አለ። ሙሽራው ቀለበቱን ሊያጠልቅላት ሲል በሕፃን መልክ የሚሣለው ባለ ክንፉ የፍቅር አምላክ፣ ኩፒድ፣ ከኋላ ሆኖ በሁለቱም ትከሻ ላይ ቀንበር ይጭናል። ቀንበርን ለጋብቻ ምልክት ማድረግ ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልብ የሚነካው የልጁ ፈገግታ ነው፤ የሚጭነው ነገር ክብደት እንዳለው የሚያውቅ ይመስላል።

ተጠራጣሪ አንባቢ

ሁላችሁም በጥሩ ሁኔታ አስረዳችሁ፤ ነገር ግን አደጋውንም እናንሣ። ሉቺናና ጂኔቭራ የተረጋገጡ ናቸው፤ ምክንያቱም ምልክቱ ከስም ጋር ይገጥማል። ስም የሌለበት ቦታ ላይ ግን ምልክት ፍለጋ መረን ይወጣል። ትልቁ ማስተማሪያ ለንደን በናሽናል ጋለሪ ያለው የያን ቫን አይክ የ1434 ሥዕል ነው። አንድ ባለጸጋና ሚስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በእግራቸው ሥር ትንሽ ውሻ፣ ከበላያቸው ባለው መቅረዝ ላይ በቀን የሚነድ አንድ ሻማ፣ ከኋላቸው ክብ መስታወት፣ ከመስታወቱም በላይ «ያን ቫን አይክ እዚህ ነበረ፣ 1434» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ።

በ1934 ኤርዊን ፓኖፍስኪ የተባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ይህ ሥዕል የጋብቻ ማስረጃ ነው አለ። ጽሑፉን እንደ ምስክር ፊርማ ቆጠረው፤ ሻማው የእግዚአብሔር መገኘት፣ ውሻው ታማኝነት ሆነ። ትርጓሜው በጣም ያምራል። ለብዙ አሥርት ዓመታትም በየመማሪያው ተደገመ። የጥንዶቹ ማንነትም በአንድ ንብረት መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በ1516 የተጻፈው፣ ሥዕሉ ያኔ በእጇ የነበረው የማርጋሬት ኦፍ ኦስትሪያ መዝገብ ሰውየውን በፈረንሳይኛ አጻጻፍ «ኤርኑል ለ ፋን» ይለዋል፤ ይህም ከሉካ ከተማ የመጡት ነጋዴዎች የአርኖልፊኒ ቤተሰብ ስም ነው ተባለ። ከቤተሰቡ ጆቫኒ ዲ አሪጎ የተባለው ተመረጠ።

በ1997 ግን ጆቫኒ ዲ አሪጎ ያገባው በ1447 እንደሆነ የሚያሳይ ሰነድ መገኘቱ ታወቀ። ሥዕሉ ከተሣለ 13 ዓመት በኋላ፣ ቫን አይክ ራሱ ከሞተ ደግሞ 6 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ ብዙዎች ሰውየውን የአጎቱ ልጅ የሆነው ጆቫኒ ዲ ኒኮላዮ ነው ይላሉ። የእሱ ሚስት ኮስታንዛ ትሬንታ በ1433 በሕይወት ስላልነበረች፣ አንዳንዶች ሥዕሉ የሞተች ሚስት መታሰቢያ ነው ሲሉ ሌሎች ሁለተኛ ሚስት ናት ይላሉ። ያው ሻማ፣ ያው ውሻ፣ ያው መስታወት፤ አንድ ሰነድ ሲገኝ ግን የሠርግ የነበረው የሐዘን ሆነ። ስለዚህ እኔ ሰነድ ሳልይዝ ምልክት አልተረጉምም። ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ናት የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በዘመኑ ፋሽን ብዙ ጨርቅ የፈሰሰበትን ቀሚስ ከፊት ሰብስቦ መያዝ የተለመደ ነበር።

ቀለም ወዳድ

ይህ ለእኔ ሐሳብ ድጋፍ ነው ብዬ እወስደዋለሁ፤ የቤቱ ሰዎች ያለ መዝገብ የሚያውቁትን እኛ በመዝገብ ፍለጋ ደከምን። ስም ከሥዕል ሲለይ ምን እንደሚሆን ከዚህም የከፋ ምሳሌ አለ። ክራኮቭ ያለችውን፣ ነጭ ፀጉር ያለውን ኤርሚን የተባለ ትንሽ አውሬ ያቀፈችውን የሊዮናርዶ ወጣት ሴት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቼቺሊያ ጋሌራኒ ናት፤ የሚላኑ ገዥ የሉዶቪኮ ስፎርዛ ወዳጅ። የዚህ አውሬ ወገን በግሪክኛ «ጋሌ» ስለሚባል የቤተሰቧን ስም ይጠራል፤ ሉዶቪኮም በ1488 ከኔፕልስ ንጉሥ የኤርሚን ኒሻን ተሸልሞ ስለነበር እሱንም ይጠራል። አንዱ አውሬ በእቅፏ ሁለት ስም ይዟል።

ቼቺሊያ በ1498 ለማንቱዋ እመቤት ለኢዛቤላ ዴስቴ ሥዕሉን ስታውሳት በጻፈችው ደብዳቤ፣ ሲሣል ገና ልጅ እንደነበረችና አሁን ፈጽሞ እንደማትመስለው ትናገራለች። እስከዚያ ድረስ ማን እንደሆነች ማንም አልተጠራጠረም። ሥዕሉ በ1800 አካባቢ በአዳም ዬዢ ቻርቶሪስኪ ተገዝቶ ፖላንድ ከገባ በኋላ ግን በላይኛው ጥግ ላይ «ላ ቤል ፌሮኒየር» የሚል የሌላ ሴት ስም ተጻፈበት። ጽሑፉ እስካሁን አለ። ያ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ሳለ እቅፏ ውስጥ ያለው አውሬ ትክክለኛውን ስም ሲናገር ኖረ፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

የዲሲ ነዋሪ

የምኖረው ከሙዚየሙ ብዙ ሳልርቅ ነው፤ መግቢያው ነፃ ስለሆነ እንግዳ በመጣልኝ ቁጥር እወስዳለሁ። የጂኔቭራ ሥዕል ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም፤ ተመልካች ዙሪያውን ዞሮ ሁለቱንም ገጽ እንዲያይ ተደርጎ ነው የቆመው። ለዚህ ነው በወንድማችን በቀለም ወዳድ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ መስማማት ያቃተኝ።

አስቡት፤ ዛሬ እኛ የምንዞረው ሙዚየሙ ስለፈቀደልን ነው። በዘመኑ ግን የሥዕልን ጀርባ የሚያየው ማን ነበር? ሥዕሉን በእጁ አንሥቶ እንዲያገላብጥ የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። የቤምቦ ምልክቶች ያሉት ደግሞ እዚያው ጀርባ ላይ ነው። ፊቷ ለእንግዳ፣ ጀርባው ለወዳጅ። በዚያው ሙዚየም የሎቶ ሌላ ሥዕል አለ፤ በ1505 የሣለው የምግባርና የክፋት ተምሳሌት ነው። ይህ ሥዕል መጀመሪያ የተሠራው ለብቻው እንዲታይ አልነበረም፤ የጳጳሱን የቤርናርዶ ዴ ሮሲን የመልክ ሥዕል የሚሸፍን ክዳን ነበር። ዛሬ ክዳኑ ዋሽንግተን፣ ጳጳሱ ኔፕልስ በካፖዲሞንቴ ሙዚየም፤ በመካከላቸው ውቅያኖስ አለ። ሲሠራ ግን እንግዳው መጀመሪያ የሚያየው ተምሳሌቱን ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ፊት ይወጣል።

እንግዲህ ክዳን፣ ጀርባ፣ መጋረጃ ያለው ነገር እንዴት «ለሁሉም ይናገር ነበር» ይባላል? የሚከፈትለትና የማይከፈትለት ሰው ነበረ። በእኔ እምነት መሸሸግም የሥዕሉ አንድ ክፍል ነው።

ቀለም ወዳድ

ስለ ክዳኑ ያነሡት በጣም ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ግን ለቤተኛ ብቻ በሚከፈት ነገርና ማንም እንዳይደርስበት በሚቀበር ነገር መካከል ሰፊ ልዩነት አያለሁ። ክዳን የሚሠራው ሊከፈት ነው። የምቃወመው ሁለተኛውን ነው፤ ሠዓሊው ደንበኛው እንኳ የማያውቀውን ነገር ሰወረ የሚለውን።

ሐምራዊ

እኔ ተማሪ ነኝ፤ አንድ ጥያቄ አለኝ። በእውነት የተሸፈነ፣ ማለትም ሰው ራሱ በቀለም ተቀብቶ እንዳይታይ የተደረገበት ሥዕል አለ? ምልክቱ ሳይሆን ሰውየው የጠፋበት?

የታሪክ መምህርት

አለ እህቴ፤ ጥያቄሽም ትልቅ በር ይከፍታል። በባልቲሞር ዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የፖንቶርሞ ሥዕል አለ፤ በ1539 አካባቢ የተሣለ ነው። ሙዚየሙን ለከተማዋ ያወረሰው ሄንሪ ዋልተርስ በ1902 ማሳሬንቲ ከተባለው የሮም ስብስብ ጋር ሲገዛው፣ አንዲት የሐዘን ልብስ የለበሰች ባላባት ሴት ብቻዋን ትታይበት ነበር። ባለቅኔዋ ቪቶሪያ ኮሎና ናት ይባል ነበር። በ1937 ሥዕሉ ሲጸዳ፣ ከጥቁሩ ቀለም ሥር ከሴትዮዋ አጠገብ የቆመች አንዲት ሕፃን ወጣች።

ሴትዮዋ ማሪያ ሳልቪያቲ መሆኗ ታወቀ፤ የፍሎረንሱ መስፍን የቀዳማዊ ኮሲሞ እናት ናት። ስለዚህ ሕፃኑ መጀመሪያ ኮሲሞ በልጅነቱ ነው ተባለ። በኋላ ግን ተመራማሪዎች ልጁ ወንድ ሳይሆን ሴት እንደሆነች ተከራከሩ፤ ዛሬ ሙዚየሙ ጁሊያ ዴ ሜዲቺ ብሎ ነው የሚያቀርባት። ጁሊያ በ1537 የተገደለው የመስፍኑ የአሌሳንድሮ ልጅ ናት። አሌሳንድሮ በዘመኑ «ኢል ሞሮ» ይባል ነበር፤ እናቱ ሲሞኔታ የተባለች አፍሪካዊት የቤት አገልጋይ እንደነበረች ይነገራል። አባቷ ሲሞት ማሪያ ልጅቷን በቤቷ አሳደገቻት። ይህ ከሆነ ሥዕሉ በሬኔሳንስ አውሮፓ የአፍሪካ ዘር ያላት ልጅ በስሟ ከተሣለችባቸው ከጥንቶቹ አንዱ ነው።

አሁን ቀለም ወዳድ ያሉትን ልብ በዪ። ፖንቶርሞ ልጅቷን አልደበቃትም፤ ከአንዲት የተከበረች መበለት ጎን አቆማት። የሸፈናት ከእሱ በኋላ የመጣ እጅ ነው። ለምን እንደሸፈናት የሚናገር ጽሑፍ በእጃችን የለም፤ ውጤቱን ግን እናውቃለን። ልጅቷ ስትጠፋ ሴትዮዋም ስሟን አጣች፤ ሌላ ሰው ሆነች።

ሐምራዊ

በጣም አመሰግናለሁ መምህርት። ይህን በትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም። ሥዕሉን ፈልጌ አየሁት፤ ልጅቷ ምንም የማትፈራ ትመስላለች።

ተጠራጣሪ አንባቢ

ለቀለም ወዳድ አንድ ፈተና ላቅርብ። የሃንስ ሆልባይን የ1533 «አምባሳደሮች» የተባለው ሥዕል፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ። ሁለት ሙሉ ቁመት ያላቸው ሰዎች፣ በመካከላቸው የዕውቀት ዕቃዎች የሞሉበት መደርደሪያ፣ በእግራቸው ሥር ደግሞ ፊት ለፊት ሲያዩት ምንነቱ የማይለይ የተጎተተ ቅርጽ። ወደ ሥዕሉ ቀኝ ጎን ተጠግተው አሻግረው ሲያዩት የሰው ራስ ቅል ይሆናል። በግራ በኩል ከላይ፣ ከአረንጓዴው መጋረጃ ጀርባ፣ በግማሽ የተሸፈነ ስቅለት አለ። ሉት የተባለ፣ ክሩ የተበጠሰ የሙዚቃ መሣሪያ አለ፤ የሒሳብ መጽሐፉም የተከፈተው ማካፈልን በሚያስተምረው ገጽ ላይ ነው፤ ዘመኑ ቤተ ክርስቲያን የተከፋፈለችበት ነው። ይህ ሁሉ ሆን ተብሎ አልተሰወረምን?

ቀለም ወዳድ

ሆን ተብሎ ነው። ግን ከማን? በግራ የቆመው ዣን ደ ዴንትቪል ሥዕሉን ያሠራው ሰው ራሱ ነው፤ በባርኔጣው ላይ ያለው ትንሽ ጌጥም የራስ ቅል ነው፤ ሞትን ማሰብ የራሱ መሪ ቃል ነበር። ማንነታቸውስ ቢሆን ሥዕሉ ውስጥ ተጽፏል። የጩቤው ሰገባ የዴንትቪልን ዕድሜ 29 ይላል፤ ወዳጁ ጳጳሱ ዦርዥ ደ ሴልቭ ክንዱን ያስደገፈበት መጽሐፍ ደግሞ 25። በታችኛው መደርደሪያ ባለው ሉል ላይ ከታላላቅ ከተሞች ጋር ፖሊሲ የምትባል መንደር ተጽፋለች፤ የዴንትቪል ርስት ናት። ለአውሮፓ ካርታ ምንም ፋይዳ የሌላት መንደር የተጻፈችው ባለቤቱን ልታስደስት ነው። ሥዕሉ ከቤተሰቡ እጅ ሲወጣ ስማቸው ተረሳ፤ እስከ 1900፣ ሜሪ ኸርቪ የተባለች ተመራማሪ በማስረጃ እስክታረጋግጥ ድረስ፣ ሁለቱን ሰዎች ሌሎች ሰዎች አድርገው ይገምቱ ነበር። ፖሊሲ ግን ያን ጊዜ ሁሉ ሉሉ ላይ ነበረች።

ስለ ራስ ቅሉ ይህን እጨምራለሁ፦ ሁለቱን ሰዎች በደንብ ሲያዩ ራስ ቅሉ አይታይም፤ ራስ ቅሉን ሲያዩ ሰዎቹ ይጠፋሉ። ሥዕሉ የሚያስገድደን እንድንንቀሳቀስ ነው። ምስጢር ፈቺ ሳይሆን የሚራመድ ተመልካች ነው የሚፈልገው።

የታሪክ መምህርት

ስለ ስምና ፊት ከተነሣ የእኛን ንጉሥ መተው አይቻልም። ፍሎረንስ በኡፊዚ ሙዚየም፣ በአንደኛው ረጅም መተላለፊያ ላይ ከጣሪያው ሥር በተደረደሩት የታዋቂ ሰዎች ሥዕሎች መካከል አፄ ልብነ ድንግል አሉ። ሠዓሊው ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ነው። ክሪስቶፋኖ ኢትዮጵያን አላየም። ጳጳስና ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ፓኦሎ ጆቪዮ በኮሞ ሐይቅ ዳር ባሠራው ቤት የዓለምን ታላላቅ ሰዎች ምስል ሰብስቦ ነበር፤ ቀዳማዊ ኮሲሞ በ1552 ክሪስቶፋኖን ወደዚያ ልኮ ማስገልበጥ ጀመረ። ጆቪዮ ደግሞ ስለ ንጉሡ ከማንም የተሻለ ያውቅ ነበር፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1533 ቦሎኛ ላይ ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለቀሌምንጦስ ሰባተኛ ያቀረባቸውን የአፄ ልብነ ድንግል ደብዳቤዎች ወደ ላቲን የመለሰው እሱ ነው።

በሥዕሉ ላይ የተጻፈው ስም ልብነ ድንግል አይደለም፤ በጣልያን አፍ የተበላሸ «ዕጣነ ድንግል» ነው። ንጉሡ በደብዳቤያቸው በጥምቀት የወጣላቸው ስም ዕጣነ ድንግል እንደሆነ፣ ሲነግሡ ዳዊት እንደተባሉ ጽፈዋልና። እንግዲህ ከጂኔቭራ ጋር አነጻጽሩት። እሷ ከሕይወት የተቀዳ ፊት አላት፣ ስሟ ግን በተክል ተነገረ። እኒህ ንጉሥ የተጻፈ ስም አላቸው፣ ያውም ከራሳቸው ደብዳቤ የተወሰደ፤ ፊቱ ግን የቅጂ ቅጂ ነው። የማን ማንነት ነው የበለጠ የተሰወረው? እኔ ኡፊዚ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲፈልጋቸው እመኛለሁ፤ ከዓለም ነገሥታት ተርታ ተሰቅለው ሳለ ብዙው ጎብኚ ከሥራቸው ያልፋል።

የቅኔ ቤት ተማሪ

መምህርት ጆቪዮን ማንሣታቸው በቀለም ወዳድና በዲሲ ነዋሪ መካከል ላለው ክርክር ቁልፍ ይሰጠናል። ይኸው ጆቪዮ ባላባቶች በሰንደቅ፣ በሜዳልያና በሥዕል ጀርባ ስለሚያደርጉት የግል መለያ መጽሐፍ ጽፏል፤ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1555 ነው። ለመልካም መለያ አምስት ደንቦች አስቀምጧል። ምስሉ አካል፣ ቃሉ ነፍስ ነው፤ ሁለቱ መመጣጠን አለባቸው። ሲያዩት ያማረ ይሁን። የሰው መልክ አይግባበት። መሪ ቃሉ ከባለቤቱ ቋንቋ በሌላ ቋንቋ ይጻፍ። አሁን ለእኛ የሚሆነው ቀሪው ደንብ ነው፦ ለመፍታት ነቢይት እስኪያስፈልግ አይጨልም፤ ተራው ሰው ሁሉ እስኪረዳው ድረስም አይገለጥ።

የጂኔቭራ ጀርባ ከመጽሐፉ ሰማንያ ዓመት ያህል ይቀድማል፤ ሆኖም ደንቦቹን ያሟላል። የሰው መልክ የለበትም፣ ቃሉ ላቲን ነው፣ ቅጠሎቹ ያማሩ ናቸው። ለማን እንደተገለጠም ደንቡ ይነግረናል፤ ላቲን ለሚያነብብና የቤምቦን ዘንባባ ለሚያውቅ።

የዲሲ ነዋሪ

ይህን ደንብ አላውቅም ነበር፤ ከሁለታችንም ጎን የቆመ ይመስለኛል። እኔን ግን አንድ ነገር አሁንም ይይዘኛል። ደንቡ የሚያስረዳው ዛሬ የምናነበውን «ውበት ምግባርን ያስጌጣል»ን ነው። ከሥሩ ያለውን አያስረዳም። መጀመሪያ የቤምቦ መሪ ቃል ተጻፈ፤ ከዚያ ተሸፍኖ ስለ እሷ በሚናገር ቃል ተተካ። የእሱ ሎሬልና ዘንባባ ቀሩ፣ ቃሉ ግን ሄደ። ባሏ ጠይቆ ነው? ቤምቦ ራሱ ሐሳቡን ለውጦ ነው? ወይስ ሥዕሉ የማን ቤት እንደሚቀመጥ ተለውጦ ነው? ቀለም ወዳድ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ቀለም ወዳድ

ሦስተኛው ይስበኛል። ሥዕሉ ወደ ቬኒስ፣ ወደ ቤምቦ ቤት የሚሄድ ቢሆን ኖሮ የእሱ መሪ ቃል ተገቢ ነው። በፍሎረንስ ከኒኮሊኒ ወይም ከቤንቺ ቤተሰብ ጋር የሚቀር ከሆነ ግን የሌላ ሰው መሪ ቃል በሴትየዋ ጀርባ ላይ መነበቡ ከባድ ነው፤ ቅጠሎቹ ሊታለፉ ይችላሉ፣ ቃል አይታለፍም። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ የሚደግፈው ሰነድም የለም። ስለዚህ ተጠራጣሪ አንባቢ ቢቃወሙኝ መብታቸው ነው።

ተጠራጣሪ አንባቢ

ግምት መሆኑን ስለተናገሩ አልቃወምም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ቃሉ ሲለወጥ ሎሬሉና ዘንባባው መተዋቸው ለእርስዎ ሐሳብ ጥሩ ድጋፍ ነው። እነሱ የቤምቦ ብቻ አልነበሩም፤ ሎሬል የባለቅኔዎች፣ ዘንባባ የምግባር ምልክት ሆነው ማንም ሊያነብባቸው ይችላል። ጂኔቭራ ደግሞ ባለቅኔ ነበረች። ቃሉ ከተነሣ በኋላ ሦስቱም ቅጠሎች የእሷ ሊሆኑ ይችላሉ።